ቦንጋ ላይ የቆመችው መርከብ

«ጋሽ ወዳጆን ቀበርናቸው» አሉኝ እትዬ አስካለ በስልክ። ሰላምታም አላስቀደሙ፤ «ተቀምጠሻል ወይ?» ብለውም አልጠየቁኝ። እትዬ አስካለ ቦንጋ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። መርዶም ይሁን የምሥራች ባልዲ እንደሚደፋ ሰው አንዴ ነው የሚለቁት።

«መቼ?»

«ትናንት። እድሩ ቀበራቸው። ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለም። እኔና ዘበኛው ተፋጠን ዋልን።»

ስልኩን ዘጋሁና በማልቀስ ፈንታ በጣቴ ወር ቆጠርኩ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። ገና ጊዜ አለኝ ብዬም ተጽናናሁ። ሰው ሞቶ ወር የምትቆጥር ምን ዓይነት ሴት ናት ብትሉኝ አልቀየማችሁም። የጋሽ ወዳጆ ነገር ግን ከሥሩ ካልተነሡ አይገባም።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ዓመት ገደማ በጸሐፊነት ተመድቤ ቦንጋ ስገባ አንድ ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዤ ነበር፤ የማውቀው ሰው ግን አንድም የለም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ዛሬም እዚያው ነው፣ ሰዎቹም አሉ። ዝናቡ ከአውቶቡስ ሳልወርድ ተቀበለኝ፤ ሳምንት አልፎም አልለቀቀኝም። ቢሮ ውስጥ ሰዉ እርስ በርሱ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ሞቅ አድርጎ ያወራል። እኔ ስገባ በጨዋ ደንብ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ያኔ ወሬው ያልቃል። ማንም ክፉ አልሆነብኝም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ሰው እየሳቀልሽም ብቻሽን መሆን እንዳለ ያወቅኩት ቦንጋ ነው።

አንድ ቀን አለቃዬ «የበርሽን ታፔላ ጓሮ ሄደሽ ተቀበይ» አለኝ። ጓሮ ያለው በቆርቆሮ የተከለለ ጥግ ነው። በሩን ገፋ ሳደርገው የቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ መርከብ አየሁ።

የአሮጌ የቡና መጋዘን በር በጎኑ ተጋድሞ ግድግዳውን ሞልቶታል። በበሩ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ነጭ መርከብ ተሥላለች። መሐሏ ላይ ረጅም ጥቁር ጭስ ማውጫ አለ፤ ከኋላዋ የውሃ ወፍጮ የሚመስል ትልቅ ቀይ መንኮራኩር ተገጥሟል፤ መንኮራኩሩ ዙሪያውን ሳንቃ ሳንቃ ተመትቶበት ውሃውን ወደ ኋላ ይዝቃል። ከፊት ጫፏ ላይ ቀይና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ ረጅም ዘንግ ቆሟል። ዘንጉን የያዘ ሰው ግን የለም። መርከቧ ላይም፣ ዳሩም ላይ፣ በበሩ ሁሉ አንድም ሰው የለም።

«ባሕሩ ለምን ቡናማ ሆነ?» አልኩ፤ ለራሴ ያልኩ መስሎኝ።

«ባሕር አይደለም፣ ባሮ ነው» የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። «ሰማያዊ የሚቀባ ባሮን ያላየ ነው። ባሮ ሻይ በወተት ነው።»

ጋሽ ወዳጆ ከጣሳዎች መሐል ብድግ አሉ። ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ በኮንትራት የተመለሱ የታፔላ ጸሐፊ። አንድ ጊዜ ቢጫ የነበረ ሹራባቸው የቦንጋን ታፔላ ሁሉ ቀለም ተሸክሟል። እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ ያን ሹራብ በሌላ ሲለውጡት አላየሁም።

«ጋምቤላ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ባሮ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ይጭናል። የኛን ቡና! ከዚህ በበቅሎ ወጥቶ፣ በጎሬ አድርጎ። ውሃው ሳይጎድል ደግሞ ቶሎ ይመለሳል። እኔ እዚያ ሠርቻለሁ።»

«መርከብ ላይ?»

«በዚች ላይ።»

ያን ቀን አልሳቅኩም። «ጸሐፊ» የሚለውን ታፔላዬን ተቀብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ፊደሉ ምን ያምራል መሰላችሁ! እትዬ አስካለን ስጠይቃቸው ግን መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ካፒቴን እኮ ናቸው! ተያቸው፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ትንሽ ውሃ ገብቷል።»

ደግሞስ ቦንጋ ላይ የመርከብ ወሬ ማን ያምናል? ዙሪያው ተራራና ጫካ ነው። ትልቁ ውሃችን ጎጀብ ነው፣ እሱንም በድልድይ እንሻገረዋለን። ስለዚህ ከተማው ሁሉ በጋሽ ወዳጆ ይቀልድ ነበር። ዝናብ ሲበረታ «ካፒቴን፣ መርከቧ ደረሰች ወይ?» ይሏቸዋል ሻይ ቤት በር ላይ የቆሙት። እሳቸው ኮፍያቸውን ነካ ያደርጉና ያልፋሉ። መንገድ መሐል ኩሬ ሲያጋጥማቸው ዱላቸውን ቀጥ አድርገው ይነክሩታል፣ አውጥተው እርጥቡን ያያሉ፣ በለሆሳስ አንድ ነገር ይላሉ፣ ከዚያ ይሻገራሉ። ቁርጭምጭሚት ለማይደርስ ውሃ! «ጋሽ ወዳጆ፣ ይሰምጡ ይመስል» ስላቸው የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ውሃ አይዋሽም ልጄ። የሚዋሸው ዘንግ የያዘው ነው።»

ተረት መስሎኝ ነበር። አማርኛቸው የመንገድና የገበያ አማርኛ ስለሆነ አንዳንድ አባባል ራሳቸው ፈጥረው እንደ ጥንት ተረት ይናገሩታል፤ ይህንንም ከዚያ ቆጠርኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዬን ይዤ ወደ ቆርቆሮው ጥግ መሄድ ለመድኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝማ! እሳቸው ኮጮና ጎመናቸውን በላስቲክ ሳሕን ያቀርባሉ፣ እኔ ዳቦዬን እቆርሳለሁ። ሚስት አግብተው ነበር፣ ልጅ ሳይወልዱ ሞተችባቸው። ስለሷ የነገሩኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለ መርከቧ ግን ስንት ምሳ! ባሕር ማዶ ተሠርታ፣ ተፈታታ በሳጥን ካርቱም ገባች፣ እዚያ ተገጣጠመች። ከሰል አትበላም፣ እንጨት ነው የምትበላው። ጨርሶ አትጠግብም፣ በየዳሩ እየቆሙ እንጨት ያሸክሟታል። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከወገብ የማይበልጥ ውሃ ይበቃታል። ነጋዴዎቹ ስሟን መጥራት ስለሚከብዳቸው «ወፍጮዋ» ይሏት ነበር፣ በመንኮራኩሯ።

ጋሽ ወዳጆ ሥራ የጀመሩት በአስተርጓሚነት ነው፤ ከቡና ጋር ለሚመጡት የካፋ ሰዎች። ቀለሙ በኋላ ነው የመጣው። ካፒቴኑ በየክረምቱ መጀመሪያ የመርከቧን ስም እንደገና ያስቀባ ነበርና ብሩሹን ለወዳጆ ሰጠው። ወጣቱ ወዳጆ የፈረንጅ ፊደል አንድም አያውቅም። የደበዘዘውን ቅርጽ ብቻ እየተከተለ አራት ክረምት ስሟን ጻፈ። «ምን ይላል?» ስላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ! እጄ ያውቀዋል» አሉኝ። በሥዕሉ ላይ ግን የስሟ ቦታ ባዶ ነው። ያላነበብኩትን አልጽፍም አሉ። እኔ የሰው ደብዳቤ ስተይብ የምኖር ሰው፣ ይህን ስሰማ ትንሽ አፈርኩ።

የመጀመሪያው ሰኔ ሲገባ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ዳቦዬን ይዤ ስገባ ጋሽ ወዳጆ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሥዕሉን ይቀባሉ። ውሃውን ከፍ እያደረጉት ነው! በበሩ ጠርዝ ላይ አንድ ሚስማር ተመትቷል፤ ቡናማው ቀለም እስከዚያ ሚስማር ድረስ ሲወጣ የአሸዋው ዳር ጠፋ፣ መርከቧ ተነሣች።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ክረምት ነዋ! ውሃው ሲሞላ ዝም ብዬ ልይ?»

በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ዝቅ አደረጉት። አሸዋውን መልሰው ሣሉት፣ መርከቧ ተቀመጠች፣ መንኮራኩሩ በአየር ላይ ቀረ። ዘንጉም ከመርከቧ ጫፍ ወርዶ አሸዋው ላይ ለብቻው ተተከለ። በየዓመቱ እንዲህ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ይሞላሉ፣ ጥቅምት ሲወጣ ያጎድላሉ። ከታች በኩል ቀለሙ በቀለም ላይ ተደራርቦ የጣት ውፍረት አክሎ ነበር፣ ስትዳብሱት እንደ ቁስል ቅርፊት ይሻክራል። እብደት ነው አልኩ በልቤ። ለብቸኛ ሰው የምትሆን የማትጎዳ እብደት።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

ያን ዘመን የሠራ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። አዳራሽ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘጋብናል። እያንዳንዱ እየተነሣ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ ይጨምርለታል። ሰው ደግሞ ብልህ ነው፤ የማይጎዳ ጥፋት ይዞ ይመጣል። «ሰዓት አላከብርም»፣ «ስብሰባ ላይ ተሳትፎዬ አናሳ ነው»፣ «አንዳንዴ ቁጡ ነኝ።» ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ የምጽፈውም እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን «ሰዓት አላከብርም» የሚለውን ሃያ ጊዜ ያህል ጽፌ እጄ ዝሏል፣ ሆዴ ይጮኻል። ሰብሳቢው፣ ወጣት፣ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ እንደ ደንቡ «የቀረ ካለ?» አለ። ማንም እንዳይቀር እየጸለይን ነበር።

ጋሽ ወዳጆ ተነሡ።

ኮንትራት ሠራተኛ ናቸው፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ዘንግ የሚይዘው ኦሞድ ነበር። የአኝዋክ ልጅ ነው፣ ወዳጄ ነው። ዘንጉን ውሃ ውስጥ እየነከረ ይለካል፣ ልኩን ለካፒቴን ይጠራል። ጥቅምት ነበር፣ ውሃው ይሸሻል። ካፒቴን ነገ እንሄዳለን አለ። የታላቅ ወንድሜ ቡና ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ቡናው ሳይጫን ከቀረ ወንድሜ አለቀለት። እኔ ኦሞድን ለመንኩት። ሁለት ቀን ብቻ ዋሽልኝ፣ ውሃ አለ በልልኝ አልኩት። እሱ ዋሽቶ አያውቅም። ለኔ ብሎ ዋሸ።»

እኔ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

«በሁለተኛው ቀን ቡናው መጣ፣ ጫንን፣ ሄድን። ግማሽ ቀን ሳንሄድ መርከቧ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። እስከ ሰኔ አልተነሣችም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። ይኸው ነው ጥፋቴ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ፣ ቀና አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ወዳጆ... ይሄ የተፈጸመው በየትኛው በጀት ዓመት ነው?»

«በጃንሆይ ጊዜ» አሉ ጋሽ ወዳጆ በቁም ነገር።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ድካም ነው፣ ረሃብ ነው፣ ምን እንደሆነ እንጃ! ሳቄ አፈትልኮ ወጣ። ከዚያ ከአጠገቤ ያለችው ሳቀች፣ ከዚያ የኋላው ረድፍ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሦስት ቀን የታፈነ ሰው ነበርና ሳቁ ማቆሚያ አጣ። «ካፒቴን! ካፒቴን!» ተባለ። ሰብሳቢውም እየሳቀ ወደኔ ዞሮ «ከአጀንዳ ውጭ ነው፣ አትያዢው» አለኝ። የጻፍኳቸውን ሦስት መስመሮች ሰረዝኩ። ቀና ስል ጋሽ ወዳጆ እንደቆሙ ናቸው፣ የሚያዩትም እኔን ነው። በቁጣ ቢሆን በተሻለኝ! ዝም ብለው ነው ያዩኝ፣ ኩሬው ላይ ዱላቸውን አውጥተው እርጥቡን እንደሚያዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀመጡ።

በማግሥቱ ቃለ ጉባኤውን ተየብኩ። «ሌላ ግለ ሂስ ያቀረበ የለም» ይላል፣ በኔ እጅ፣ በኔ የጽሕፈት መኪና።

ሁለት ሳምንት ጓሮ ድርሽ አላልኩም። ዳቦዬን ጠረጴዛዬ ላይ ብቻዬን በላሁ። ብቸኝነት ያን ጊዜ እንደመጣሁ ቀን ሆኖ ተመለሰ፤ ልዩነቱ ይሄኛውን በገዛ እጄ ማምጣቴ ነው። በመጨረሻ ሄድኩ። መርከቧ በጆንያ ተሸፍናለች። ጋሽ ወዳጆ የጤና ጣቢያ ታፔላ ይጽፋሉ፣ ቀናም አላሉ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ሁሉም ነው የሳቀው።»

«እኔ ነኝ የጀመርኩት።»

«አውቃለሁ። አይቻለሁ።»

ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልወጣ ስል ጥያቄው ከአፌ አመለጠኝ። «ኦሞድስ? ኦሞድ ምን ሆነ?»

ብሩሹ ቆመ። ቀስ ብለው ጣሳው ላይ አጋደሙት።

«ከሰው ሁሉ ይህን የጠየቀኝ የለም» አሉ።

ጆንያውን ገለጡ። ጥቅምት አልፎ ነበርና መርከቧ አሸዋ ላይ ናት፣ ዘንጉም ብቻውን ተተክሏል። ጋሽ ወዳጆ ወደሱ እያዩ ነገሩኝ። ካፒቴኑ ሰዎቹን ይዞ በሌላ መንገድ ሄደ። መርከቧ ግን ጠባቂ ያስፈልጋታል። በውሸቱ ምክንያት ቅጣቱ በኦሞድ ላይ ወደቀ፤ እስከ ሰኔ ብቻውን እንዲጠብቅ። ማን እንዳስዋሸው ቢጠይቁት አልተናገረም። ወዳጆም ከጎኑ ቆሞ ሲጠየቅ እያየ አልተናገረም። ማታውን «ወንድሜን ሸኝቼ እመለሳለሁ» አለው። «ጨው አመጣልሃለሁ፣ ቡና አመጣልሃለሁ፣ ለወባው ኪኒን አመጣልሃለሁ። የገና በዓል ሳይደርስ እመጣለሁ።» ኦሞድም እሺ አለ። ኦሞድ ሁልጊዜ እሺ ነው።

«ለምን አልተመለሱም?»

«ቦንጋ ገባሁ። ቤት አለ፣ እናት አለች፣ ጠላ አለ። ገና አለፈ። ለጥምቀት አልኩ። ጥምቀት አለፈ። ወባውን ፈራሁ፣ ልጄ። እሱ ብቻ አይደለም፣ ፊቱን ፈራሁ። ሰው አንድ ቀን ሲዘገይ ይቅርታ ይላል፤ ወር ሲዘገይ ይሸሸጋል።»

በሰኔ ጋሽ ወዳጆ ወደ ባሮ ወረዱ። መርከቧ ተንሳፍፋለች፣ ሌላ ጠባቂ ቆሟል። ኦሞድ በመጋቢት በንዳድ ሞቷል። ዳሩ ላይ ቀብረውት ምልክት ቢያጡ ዘንጉን ተከሉበት።

እንባዬ መጣ፤ ለኦሞድ ይሁን ለጋሽ ወዳጆ ወይስ ለሳቄ እስካሁን አልለየሁትም።

«ለዚህ ነው በሰኔ የሚሞሉት?»

«ካልሞላሁለት ማን ያሰናብተዋል? ሰኔ ሲሞላ መርከቧ ትነሣለች፣ እሱም ከጥበቃ ይፈታል።»

«ታዲያ ለምን መልሰው ያጎድሉታል? ሞልቶ ይቅር አይደል!»

ጋሽ ወዳጆ እንደ ሕፃን አዩኝ። «ጎድሎ ነበርኮ» አሉ። «ውሃው ጎድሎ ሳለ ሞልቷል ልበል? ሁለተኛ?»

ከዚያ በኋላ ዳቦዬን እዚያው መብላት ቀጠልኩ፤ ስለዚህ ነገር ግን አላነሣንም። አንድ ቀን ብቻ፣ በሥዕሉ ላይ ሰው ለምን እንደሌለ ጠየቅኳቸው። ኦሞድን ለመሣል ብዙ ጊዜ እንደሞከሩ ነገሩኝ። «ፊቱ እምቢ ይለኛል። እጄ የመርከቧን ስም ያውቃል፣ የሱን ፊት አያውቅም» አሉ። ከዚያ የሻይ በወተት ቀለም አደባለቅ አስተማሩኝ። ቡናማ፣ ነጭ፣ ከቢጫው በብሩሽ ጫፍ። ለምን እንደሚያስተምሩኝ አልጠየቅኩም።

በሰባተኛው ዓመት ትዳር መጣልኝና ወደ ጅማ ተዛወርኩ። ለመሰናበት ስገባ ሚስማሩን በጣታቸው አሳዩኝ። «በበጋ ከሞትኩ በሰኔ አንቺ ትሞያለሽ። እስከዚህ ድረስ። ከዚህ አታሳልፊ።»

«እሺ ጋሽ ወዳጆ፣ ደግሞ ምን ሞት ያወራሉ!» አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ያህል ቀላል ነው! ጅማና ቦንጋ ምን ያህል ይራራቃሉ? ቁርስ በልቶ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። እኔ ግን ለመስቀል እመጣለሁ አልኩ፣ ለገና እመጣለሁ አልኩ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ሁለተኛ ወለድኩ። ቢበዛ በዓመት አንዴ በእትዬ አስካለ በኩል ሰላምታ እልካለሁ። ኮንትራታቸው ተቋርጦ ሥዕሉ ያለበትን በር በጋሪ አስጭነው ወደ ኪራይ ክፍላቸው እንደወሰዱ በወሬ ሰማሁ። ቆይቶም፣ ዓይናቸው እየደከመ እንደሆነና ከቤት እንደማይወጡ። ወር ሲዘገይ ይሸሸጋል ብለውኝ አልነበር? እኔም ተሸሸግኩ።

የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ የጅማውን ቤቴን ቆርቆሮ ሲመታ ብድግ አልኩ። ቡናማ፣ ነጭና ቢጫ በትንንሽ ጣሳ፣ አንድ ብሩሽ ገዛሁና በማግሥቱ ቦንጋ ገባሁ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስሄድ ባለ ባጃጁን «ካፒቴን የሚባሉ ሽማግሌ ታውቅ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «የምን ካፒቴን? የእግር ኳስ?» አለኝ። የሚቀልድባቸው ሰው እንኳ አልቀረላቸውም። በየሱቁ በር ላይ የሳቸው ፊደል አሁንም አለ፤ ማን እንደጻፈው ግን የሚጠይቅ የለም።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ አቅፈው ሳሙኝ፣ «ዛሬ ነው መምጫሽ?» ብለው ወቀሱኝ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ባለቤቱ የጋሽ ወዳጆን ክፍል ሲያስለቅቅ ሥዕሉ ያለበትን በር እሳቸው ወስደውታል። ጓዳቸውን ከሳሎን የሚለይ ግድግዳ አድርገው አቁመውታል፣ በላዩ የአንሶላ መጋረጃ ጥለውበታል።

«እስከ መጨረሻው ሲቀቡ ነበር» አሉኝ። «ጥር ላይ ታመው ተኝተው ሳሉ ብሩሽ አምጪልኝ አሉ። ዓይናቸው አያይም፣ በጣታቸው እየዳበሱ ነው። ምን እንደሚሠሩ አላሳዩኝም። ከጨረሱ በኋላ ተመስገን ብለው ሁለተኛ ብሩሽ አልጠየቁም።»

ጣሳዎቼን ወለሉ ላይ ደረደርኩ፣ ቀለሜን አደባለቅኩ፣ ብሩሼን ነከርኩ። ከዚያ አንሶላውን ገለጥኩት።

ውሃው ጎድሏል፣ መርከቧ አሸዋ ላይ ናት። አሸዋው ላይ ግን ሁለት ሰዎች አሉ።

አንደኛው ወጣት ነው፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ዘንጉን በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊት አልተሣለለትም፤ ፊቱ ወደ ሌላኛው ዞሯል፣ የምናየው ማጅራቱን ነው። ሌላኛው ከእግሩ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ሹራቡ ቢጫ ነው፣ ነጠብጣብ የሞላበት። ከፊታቸው አሸዋው ላይ ሦስት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንድ አሞሌ ጨው፣ አንዲት ቁና ቡና፣ አንዲት የኪኒን ብልቃጥ። መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይን በሌለው እጅ ነው የተሣሉት። ሚስማሩ ደግሞ ከሁለቱም ራስ በላይ ነው።

ብሩሹ በእጄ እንዳለ ተቀመጥኩ። ቀለሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ቃል ገብቼ ነበር፤ እስከ ሚስማሩ ድረስ። ብሞላው ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይገባሉ። አለቀስኩ፣ በመጋቢት ያላለቀስኩትን ጨምሬ።

እትዬ አስካለ ጨርቅ ይዘው መጡና ከእግሬ ሥር የፈሰሰውን መጥረግ ጀመሩ።

«አትቀቢውም እንዴ?» አሉኝ። «ክረምቱ ገባኮ።»

የጣሳዎቹን ክዳን አንድ በአንድ መልሼ ገጠምኩ።

«ይቆዩ» አልኳቸው። «ጋሽ ወዳጆ ገና አሁን መድረሳቸው ነው።»